ሳይኮቴራፒ ልጀምር ነው፤ ምን ይጠብቀኛል? ጎንደር ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እናቴ ካረፈች በኋላ እስከ አርባዋ ድረስ ከቤታችን ሰው አልጠፋም። እድርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ከደምቢያ የመጣው ዘመድ ሁሉ አብሮን ነበር። አርባዋ ካለፈ በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን መመለስ አቃተኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። ምግቡም አፈር አፈር ይለኛል። ስድስት ወር እንዲህ ሆኜ ከቆየሁ በኋላ ነው ሳይኮቴራፒ ለመጀመር፣ ማለትም በንግግርና በልምምድ የሚሰጠውን ሕክምና ፍለጋ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ የሄድኩት።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም ቡና ላይ ጠጋ ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ ጻፍኳቸው። ባለሙያ አይደለሁም። ታካሚ ሆኜ ያየሁትን፣ ያነበብኩትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የምነግራችሁ።

እኔ እኮ አላበድኩም። ለምን እሄዳለሁ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ቀድሞ ይመጣል። ምክንያትም አለው። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከዚያ የተነሳ «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ በሰው አፍ ስድብ ሆነ። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን ታስሮ የሚወሰድ ሰው ነው የሚታየን።

ሳይኮቴራፒ የሚሄደው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚሠራ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነው። እንቅልፍ የነሳው ሰው ነው። ያለ ምክንያት ልቡ የሚመታበት፣ ሆዱን ባር ባር የሚለው፣ ትንሽ ነገር የሚያስቆጣው ሰው ነው።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሄደው ሌላ ሐኪም ጋ ነው። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ደረቴን ይወጋኛል፣ ጨጓራዬ ነው እንላለን። ደም እንሰጣለን፣ የልብ ምርመራ እንነሳለን። «ምንም አልተገኘም» እንባላለን። ሕመሙ ግን የውሸት አይደለም። ጭንቀትና ድብርት ሰውነት ላይ ይወጣሉ። አገራችን ውስጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታወቁት በዚያ በኩል ነው።

እንደ መነሻ ይህን ያዙ። የከፋችሁ ወይም የምትፈሩት ነገር ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፋችሁን፣ ሥራችሁን ወይም ከቤተሰብ ጋር ያላችሁን ኑሮ ካበላሸ፣ መሄድ ይገባችኋል። እስኪብስ መጠበቅ ምንም ጥቅም የለውም።

ከቡና ላይ ወሬ በምን ይለያል? እኔም ከጓደኛዬ ጋር አወራለሁ

ቡናውን አትተዉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚወራው ወሬ ብዙ ሰው አቁሟል። እኔንም ጭምር።

ግን ቡና ላይ ወሬው የሁሉም ነው። እናንተ የራሳችሁን ስትጀምሩ ጎረቤታችሁ የራሷን ታመጣለች። «ኧረ የእኔንስ ብታይ!» ይባላል። ሌላው ደግሞ ሊያስቸግራችሁ ስለማይፈልግ «ተይው፣ ይለፍ» ይላል። ሳይኮቴራፒ ውስጥ ሰዓቱ የእናንተ ብቻ ነው። የምታወሩት ሰው ሠልጥኖበታል። የሚጠይቃችሁ ለወሬ ብሎ አይደለም፤ የሚከተለው መንገድ አለው።

ለምሳሌ ሲቢቲ የሚባል፣ ሐሳባችንንና የምናደርገውን ነገር እየመረመረ የሚለውጥ ዘዴ አለ። አሮን ቤክ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው። አንድ ቀን አራዳ ላይ የምታውቋት ሴት ሳትሰላማችሁ አለፈች እንበል። «ጠልታኛለች» አላችሁ። ከዚያ ቤት ገብታችሁ ተኛችሁ፤ ማኅበሩንም ቀራችሁ። ባለሙያው ያችን ሐሳብ ይዞ ይጠይቃችኋል። ሌላ ምክንያት ሊኖራት አይችልም? ሐዘን ላይ ብትሆንስ? ባታያችሁስ? ከዚያ ሐሳቡን በወረቀት ጻፉት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ፈትኑት ይላችኋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሦስት ወር ስትሠሩበት ግን ራሳችሁን የምትሰሙበት መንገድ ይለወጣል።

ማን ጋ ነው የምሄደው? ስማቸው ራሱ ግራ ያጋባል

እውነት ነው፣ ያደናግራል። ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕመም ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው። መድኃኒት ያዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሳይኮሎጂስት የሚሠራው በንግግርና በልምምድ ነው፤ መድኃኒት አያዝም። አገራችን ውስጥ ሳይካትሪስት ጥቂት ስለሆነ የሳይካትሪ ነርሶችና በአእምሮ ጤና በማስተርስ የተማሩ ባለሙያዎች ትልቁን ሸክም ተሸክመዋል።

ጎንደር ላይ ዋናው በር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ግቢያችሁ ውስጥ የምክር አገልግሎት መኖሩን ጠይቁ። ከቆላ ድባ፣ ከዳባት ወይም ከአይከል የምትመጡ ከሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያችሁ ሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስፋፋው ሥልጠና አለ። በየጤና ጣቢያው ያሉ ባለሙያዎች ድብርትን፣ የሚጥል በሽታንና የመሳሰሉትን እዚያው እንዲያክሙ ያስተምራል። ኢትዮጵያም ውስጥ ገብቷል። ጤና ጣቢያው ካልቻለ ሪፈር ይጽፍላችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፈለጋችሁት ንግግሩን ከሆነ በግልጽ ተናገሩ። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ይበዛበታል። ዝም ካላችሁ አሥር ደቂቃ አይተዋችሁ መድኃኒት ጽፈው ሊሸኟችሁ ይችላሉ። «የሥነ ልቦና ሕክምናውን እፈልጋለሁ፣ ማን ይሰጣል?» በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ስለ ሥልጠናቸው መጠየቅም እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይሆናል?

አልጋ ላይ አትጋደሙም። ወንበር ላይ ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ተራ ነገር ነው። ዕድሜ፣ ሥራ፣ ከማን ጋር እንደምትኖሩ። ከዚያ ምን እንዳመጣችሁ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ሲሆን እንደሚብስ። እንቅልፍና ምግብ ይጠየቃል። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው እንዳለ፣ የምትወስዱት መድኃኒት እንዳለም እንዲሁ። ስለ ጠላ፣ ስለ አረቄ፣ ስለ ጫትም ይጠይቋችኋል። ይህን ጥያቄ አትሸሹት። እንቅልፍ ሲጠፋ በአረቄ የሚተኛ ሰው ብዙ ነው። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊት ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ድብርቱንም ያብሰዋል። ባለሙያው ካላወቀ ደግሞ ሌላ ነገር ሲፈልግ ይውላል።

ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ወረቀት ሊሰጧችሁ ይችላል። በአማርኛ አለ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ጊዜ ከፋችሁ፣ ስንት ጊዜ ነገር ሁሉ አላስደስት አላችሁ፣ ስንት ጊዜ ደከማችሁ ይላል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ፈተና አይደለም፣ የሚወድቅበትም የለም። ከወራት በኋላ ያንኑ ወረቀት ስትሞሉ ለውጡን በቁጥር ታዩታላችሁ። የእኔ ከ19 ተነስቶ 6 ገባ። ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ ለረጅም ጊዜ ቁጭ አልኩ።

የደም ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ድብርትን ወይም ጭንቀትን ሊመስሉ ይችላሉ። እንቅርት ደጋማ አገር ላይ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ «እኔ የመጣሁት ለጭንቀት፣ ደሜን ምን ያደርጉታል» አትበሉ።

በመጨረሻ ምን እንዲለወጥላችሁ እንደምትፈልጉ ትጠየቃላችሁ። እኔ «እንደ ድሮዬ መሆን» አልኩ። ባለሙያዋ «እንደ ድሮዎ ሲሆኑ ጠዋት ተነስተው መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ። «ቡና አፈላለሁ» አልኩ። በቃ፣ ከዚያ ጀመርን።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም መናገር አለብኝ?

የለባችሁም። ይህን ከሁሉ በላይ እንድትሰሙልኝ እፈልጋለሁ።

«ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ገመናን ለባዳ ማውጣት ነውር ነው ተብለናል። ቅኔ የሚያውቅ አገር ነው፤ ሰሙን ሰጥተን ወርቁን መያዝ እንችልበታለን። አንድ ቀን ወንበር ላይ ስለተቀመጥን ያ ሁሉ አይፈታም። ባለሙያውም ይህን ያውቃል። «ይህን ዛሬ መናገር አልፈልግም» ማለት ይቻላል። እኔ ሦስተኛው ቀጠሮ ድረስ አንድ ነገር ይዤ ቆይቻለሁ። በአራተኛው ራሱ ወጣ።

ካለቀስኩስ?

ታለቅሳላችሁ። ሶፍት ጠረጴዛው ላይ አለ። ወንዶችም ያለቅሳሉ። «ጎንደሬ ወንድ ሰው ፊት አያለቅስም» የሚሉኝ አሉ። ያልወጣ ለቅሶ ብዙ ወንድ ላይ ቁጣ ሆኖ፣ መጠጥ ሆኖ፣ ከልጆቹ መራቅ ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ።

ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት። ሰው ያየኛል፣ ምሥጢሬም ይወጣል

ፍርሃቱን አልንቀውም። ከፒያሳ እስከ ቀበሌ 18 ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው። ካርድ ክፍል የአክስታችሁ ልጅ ልትቀመጥ ትችላለች።

መጀመሪያ ስለ መታየቱ። ትልቁ ሆስፒታል በር ላይ የሚገባው ሰው ሁሉ ለምን እንደገባ አይታወቅም። አንዱ ለስኳር፣ አንዱ ለወሊድ፣ አንዱ ጠያቂ ሆኖ ይገባል። ማን ቢጠይቃችሁ «ቀጠሮ አለኝ» ይበቃል። እውነትም ነው።

ስለ ምሥጢሩ ደግሞ ባለሙያው የሰማውን መያዝ ግዴታው ነው። የፈለገ ብቻ የሚያደርገው ነገር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም የሙያ ምሥጢር ማውጣትን ይቀጣል። ግን ልክ አለው፣ ይህንም ማወቅ አለባችሁ። ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰውን ለመግደል የተቃረበ አደጋ ካለ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ፣ ባለሙያው ለሚመለከተው ሰው ሊናገር ይችላል። ጥሩ ባለሙያ ይህን በመጀመሪያው ቀን ራሱ ይነግራችኋል። ካልነገራችሁ ጠይቁ። ካርዳችሁ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚያየውም ጠይቁ። ባለሙያው የእድራችሁ ሰው ወይም ዘመድ ከሆነ ሌላ ሰው እንዲሰጧችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የእኔዋ በሁለተኛው ቀን እንዲህ አለችኝ። «መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም ልበልዎት ወይስ ዝም ብዬ ልለፍ?» ይለፉ አልኳት። ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛው አጠገብ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እንደማታውቀኝ ሆና አለፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አመንኳት።

ባለሙያዋ ከልጄ ታንሳለች። ለእሷ ምን ብዬ ነው የምናገረው?

ይህን የምትጠይቁኝ እናቶችና አባቶች ናችሁ፣ እረዳችኋለሁም። ለታናሽ ገመና ማውጣት ይከብዳል። ግን የጥርስ ሐኪማችሁም ከልጃችሁ ልታንስ ትችላለች፤ አፋችሁን ትከፍቱላታላችሁ። ባለሙያዋ በ«እርስዎ» ልታናግራችሁ ይገባል። «አንቺ» ካለቻችሁና ቅር ካላችሁ ንገሯት። ሥራዋ ስለሆነ ትሰማችኋለች። እናንተ ከለመዳችሁ «ልጄ» በሏት፣ ችግር የለውም።

ምክር ይሰጡኛል አይደል? ማን እንደበደለ ይነግሩኛል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያዝናል። ስንጣላ ሽማግሌ እንጠራለን። ሽማግሌ ይሰማል፣ ይፈርዳል፣ ያስታርቃል። ነፍስ አባት ጋ ስንሄድ ደግሞ ንስሐ ገብተን ቀኖና እንቀበላለን። ከሁለቱም ቤት አንድ ነገር ይዘን ነው የምንወጣው። ስለዚህ ባለሙያውም «ባልሽን ፍቺው» ወይም «ቻይው» ይለናል ብለን እንጠብቃለን።

አይልም። ማለትም የለበትም። ኃጢአታችሁን አይመዝንም፣ ባላችሁንም አይከስም። እናንተ ራሳችሁ የምትፈልጉትን እንድታውቁት ይረዳችኋል። መጀመሪያ ላይ ይህ ያናድዳል። እኔ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አውቃለሁ። ግን ባዶ እጃችሁን አይሸኟችሁም። ልምምድ ይሰጣሉ። አተነፋፈስ፣ የእንቅልፍ ሥርዓት፣ የሐሳብ መዝገብ፣ ፈርታችሁ የተዋችሁትን ነገር በጥቂት በጥቂቱ መመለስ።

ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ልቧ ሲመታ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት «ሞትኩ» ብላ የሮጠች አንዲት ወዳጅ አለችኝ። ልቧ ተመርምሮ ጤነኛ ነው ተብሏል። ከዚያ በኋላ ግን ለአራት ወር ገበያ አልወጣችም። ሕክምናዋ ምን ነበር? መጀመሪያ ስለዚያ ድንጋጤ ተማረች፤ ያስፈራል፣ አይገድልም፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ቀጥሎ ከገበያው ዳር ቆመች። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ መደብ ድረስ ገባች። በስተመጨረሻ ሽንኩርትና በርበሬ ገዝታ ወጣች። ምክር ብቻ ቢሆን «አትፍሪ» ተብላ ነበር፣ እሱን ደግሞ ሁላችንም ብለናታል።

ጸበል እየተጠመቅሁ ነው። ሁለቱን አብሮ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል። አርባ አራቱ ታቦታት ያሉበት ከተማ ውስጥ ሆኜ ጸበሉን ተዉ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። እኔም ተጠምቄያለሁ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቡ፤ ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናግረው ነበር። የአእምሮ ሕክምናም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። አዲስ ዓለም ሰፈር ላሉ ሙስሊም ወዳጆቼም እንዲሁ ነው፤ ዱዓውና ቁርኣኑ ከቀጠሮው ጋር አይጣላም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ጸበል ቦታ ሄዳችሁ መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ማንም አቋርጡ ቢላችሁ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታድርጉት። አንዳንዱ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ ይመለሳል፣ ሌላ ችግርም ያመጣል። ጾም ላይ ከሆናችሁም ሰዓቱን እንዲያስተካክሉላችሁ ንገሯቸው።

ለባለሙያውም አትደብቁ። ዛር ነው ብላችሁ ታምኑ ይሆናል፣ ዓይነ ጥላ ነው ወይም መተት ነው ትሉ ይሆናል። ተናገሩት። ጥሩ ባለሙያ አይስቅም። እናንተ ሕመሙን የምትረዱበትን መንገድ ሳያውቅ ሊረዳችሁ አይችልም።

መድኃኒት የግድ ነው? ሱስ አይሆንም?

የግድ አይደለም። ቀለል ያለና መካከለኛ ድብርትና ጭንቀት በሳይኮቴራፒ ብቻ ሊሻል ይችላል። ሲከብድ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ይሻላል። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ግን ቶሎ አይሠሩም፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል የተለመደ ስሕተት ነው። ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚሰጡ እንደ ዲያዜፓም ያሉት ግን ሲቆዩ ሱስ ስለሚያስይዙ ከጎረቤት ተበድራችሁ አትውሰዱ።

ስንት ጊዜ መሄድ አለብኝ?

እንደ ችግሩና እንደ ዘዴው ነው። ሲቢቲ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ። ከሰው ጋር ባለን ግንኙነትና በሐዘን ላይ የሚያተኩር ሌላ ዘዴ አለ፤ እሱ ከ12 እስከ 16 ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አጭር ፕሮግራም ደግሞ 5 ቀጠሮ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። ከወረዳ የሚመላለስ ሰው በየሳምንቱ መምጣት ካልቻለ ይህን ከመጀመሪያው ይናገር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ማድረግ ይቻላል።

ሁለት ጊዜ ሄጄ ባሰብኝ

ይህ ያጋጥማል። ለዓመታት የተዘጋ ነገር ሲነካ ያማል። ከቀጠሮ በኋላ ድካም፣ ለቅሶ፣ የሌሊት ሕልም ሊመጣ ይችላል። የሚቻል ከሆነ ከቀጠሮው ቀጥታ ወደ ሥራ አትሩጡ። እኔ በእግሬ ቀስ ብዬ እሄድ ነበር፤ ኋላ ላይ ራሷ የቤት ሥራ አድርጋ ሰጠችኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት እስከ ቁስቋም ወጥቶ መመለስ። ዳገቱን ስወጣ ትንፋሼን ብቻ ነበር የማስበው። ለድብርት መንቀሳቀስ ጨዋታ አይደለም፤ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው።

መባሱን ግን ለባለሙያው ንገሩ። ሳትናገሩ አትጥፉ። እየባሰ ከሄደና ሳምንታት ካለፉ አካሄዱ መለወጥ አለበት።

ባለሙያው ካልተመቸኝስ?

እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ሰው ስልኩን እያየ ነበር የሚሰማኝ። ስለ እናቴ ስናገር «ሁሉም ይሞታል፣ ጠንከር ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ወጥቼ ሁለት ወር ሙሉ የትም አልሄድኩም። ሕክምናው ራሱ ይህ መስሎኝ ነበር። ያ ሁለት ወር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ይህን ክፍል የጻፍኩት በተለይ ለእናንተ ነው።

ሕክምናው እንዲሠራ ከሚያደርጉት ትልልቅ ነገሮች አንዱ በእናንተና በባለሙያው መካከል ያለው መተማመን ነው። ማፈርና መጨናነቅ የመጀመሪያ ቀን ነገር ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ስጡት። የሚያዋርዳችሁ፣ የሚሰድባችሁ፣ ሃይማኖታችሁን የሚያንቋሽሽ፣ ምሥጢራችሁን የሚያወጣ ወይም ሰውነታችሁን የሚነካ ከሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ። ሌላ ሰው ፈልጉ።

ሁለተኛዋ ጋ ስገባ ስለ እናቴ ሞት አልጠየቀችኝም። «እናትዎን ያስተዋውቁኝ» ነው ያለችኝ። ስለ እንጀራዋ፣ ስለ አሳሳቋ፣ ስለ ቁጣዋ አወራሁ። ሰዓቱ አለቀ።

ቤተሰብ አብሮኝ ይግባ?

ካስፈለጋችሁ ይግባ፤ በተለይ ሕመሙ ከባድ ከሆነ እሱ የሚያውቀው ነገር ይጠቅማል። ግን ወንድማችሁ እናንተን ወክሎ ሲያወራ ሰዓቱ እንዳያልቅ። «ትንሽ ብቻዬን ልነጋገር» በሉ። ባለሙያው ራሱ ያስወጣዋል።

ዋጋውስ?

ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ካርድ ሳታወጡ ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ደብተራችሁንና የሪፈር ወረቀታችሁን ይዛችሁ በመንግሥት ተቋም ተጠቀሙ። በግል ከሆነ በቀጠሮ ቀን ብትቀሩ ይከፈል እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።

በስልክ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ በቪዲዮና በስልክ የሚደረግ ሕክምና ለብዙ ሰው ይሠራል። የእኛ ችግር ኔትወርኩ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ብዙ ሰው መሐል ላይ ተቋርጧል። ስለዚህ መስመር ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ተስማሙ። በተራ ስልክ ጥሪም ይሠራል። ሌላው ችግር ቤት ውስጥ የሚሰማ ጆሮ ነው፤ ግቢ ጥግ ወይም ጠዋት ሰው ሳይነሳ የሚናገሩ አሉ።

ጦርነቱ ውስጥ ያየሁትን እንድናገር ያስገድዱኛል?

ማንም ሊያስገድዳችሁ አይገባም። ባለፉት ዓመታት ብዙ ያየ ሰው ከተማችን ውስጥ አለ። የበር መንኳኳት ያስደነግጠዋል፣ ሕልሙ ይመለሳል፣ ድምፅ ሲሰማ ይደበቃል። ከክፉ ነገር በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ መሆን የብዙ ሰው ነው፤ ከብዙዎቹም ላይ በራሱ ይቀንሳል። ከወር በላይ ከቆየና ኑሮን ካበላሸ ሕክምና ይፈልጋል።

ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስተምረው ሰውነትን ማረጋጋት ነው። እግራችሁን መሬት ላይ አጽንታችሁ አሁን ያላችሁበትን ክፍል ማየት፣ ትንፋሽ ማርዘም፣ እንቅልፍ መመለስ። ታሪኩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ በእናንተ ፍጥነት። አደጋው ገና ላላለፈ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ደኅንነቱ ነው።

«መሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ እየመጣብኝ ነው። ይህን ብናገር ምን ያደርጉኛል?

ይሰሟችኋል። ይህ ሐሳብ ከጭንቀትና ከድብርት ጋር ብዙ ሰው ላይ ይመጣል። ባለሙያው በቀጥታ ይጠይቃችኋል፤ ስለተጠየቀ አይባባስም፣ እንዲያውም ብዙ ሰው ቀለል ይለዋል። እንዴት እንደምታደርጉት ካሰባችሁ ወይም ቀን ከቆረጣችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ብቻችሁን አትሁኑ። ለአንድ ሰው ንገሩ። የቤተሰብ አባል ከሆናችሁ ደግሞ ፀረ ተባይ ኬሚካሉን፣ የተከማቸውን መድኃኒትና መሣሪያውን ከቤት አውጡ። ሰውየውን አትቆጡት፣ «ኃጢአት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። አጠገቡ ተቀመጡ።

ምን ብዬ ልጀምር?

ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። መቼ ጀመረኝ፣ ምን ምን ያደርገኛል፣ ምን እንዲቀርልኝ እፈልጋለሁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ስም ጨምሩበት። አፋችሁ ቢያዝ ወረቀቱን ስጧቸው፣ እነሱ ያነቡታል።

እኔ ወረቀት አልያዝኩም ነበር። ገብቼ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ «ከየት እንደምጀምር አላውቅም» አልኳት። «ከዛሬ ጠዋት ይጀምሩ» አለችኝ። ያልበላሁትን ቁርስ ነገርኳት።